መስመር የነካ ቀስት

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሥልጠና ነበር። ነፋስ... ከባሕር ዛፉ በኩል ሲመጣ ቀስቱን ከመንገዱ ይወስደዋል። ጣቶቼ ደንዝዘው የደጋኑን ገመድ በወጉ አልያዙም።

አሰልጣኝ ይሄነው ለስምንታችንም ደብተር አደለ። እስከ ዛሬ ዝም ብለን ነበር የምንወረውረው። ከዛሬ ጀምሮ ይጻፋል። በየሥልጠናው ከአሥራ ስምንት ሜትር ሠላሳ ቀስት፣ የእያንዳንዱ ነጥብ፣ ከታች ድምሩ። ከጎኑ ደግሞ ቀስቶቹ ወዴት እንዳዘነበሉ... ወደ ላይ? ወደ ግራ? «ካለፈው ሳምንት መሻላችሁን በምን ታውቃላችሁ? በስሜት? ስሜት ያታልላል» አለ።

በሳምንት አንድ ቀን ከኢላማው ሦስት እርምጃ ላይ ቆመን፣ ዓይናችንን ጨፍነን እንወረውራለን። ያኔ ነጥብ የለም። እጅ ብቻ እንዲማር ነው።

ሕጉ፦ ማንም የራሱን አይጽፍም። ጥንድ ጥንድ ሆነን አንዱ ለሌላው ይጽፋል። ሳይጻፍ ቀስት አይነቀልም። በሁለት ነጥብ መሃል ያለውን መስመር የነካ ቀስት ከፍ ያለውን ነጥብ ያገኛል። በ8 እና በ9 መሃል ያለውን ከነካ፣ 9።

ኡሙልኸይር፦ «ለኔ ዜሮ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ስጡኝ።» ሁሉም ሳቀ።

እኔ ከሰብሌ ጋር ደረሰኝ። ደስ አለኝ። ከሌላ ሰው ጋር ቢሆን አፌን መክፈትም አልችል። ከሰብሌ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋም አብረን ሰባተኛ ላይ ቀረን። ሲከፈት ሁለታችንም አልተመለስንም።

እኔ 219። ሰብሌ 214።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አሰልጣኝ ትልቅ ወሬ ይዞ መጣ። ከገና በኋላ ደሴ ላይ ውድድር አለ። ከኛ ክለብ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። እዚያ ጥሩ የወረወረ ማሠልጠኛ ይገባል። ማደሪያ አለው፣ ምግብ አለው፣ ትምህርት ቤትም አለው። ትምህርት ቤት! እስከ ታኅሣሥ 23 ደብተሩ ላይ በሚመዘገበው አማካይ ነው የሚመረጠው። ወሬ የለም፣ ልመና የለም፣ ደብተሩ ይናገራል አለ።

ስንመለስ ሰብሌ መንገድ ላይ ነገረችኝ። እናቷ እትዬ በዛች «እስከ ገና ነው የምታገስሽ። ከዚያ ከላላ ከተማ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ፣ ሻይ ቤቱ ሰው ይፈልጋል» ብለዋታል።

«ግን አንዳችን ከሄድን ደግ ነው» አለች። «አንቺም ብትሆኚ እኔም ብሆን።»

እኔም «አዎ» አልኩ። በልቤ ግን «እኔ» ብዬ ነበር። እሷ «አንዳችን» ስትል እኔ «እኔ»...

ዛሬ 220። እሷ 217። ቀረበችኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

አንድ ነገር አደረግኩ።

ነፋሱ የኢላማውን ወረቀት ያርገበግበዋል። የሰብሌ አንዱ ቀስት 8 እና 9 መሃል ገባ። ነክቷል? አልነካም? ጎንበስ ብዬ አየሁ። እሷ ኋላ ቁጭ ብላ እጇን ታሻሻለች። እስኪጻፍ ወደ ኢላማው አትመጣም። «አንቺ እያለሽ እኔ ምን አደከመኝ» ትላለች።

8 ብዬ ጻፍኩ።

በነፋሱ አሳበብኩ። ግን ነክቶ ነበር። አሁን እዚህ ቁጭ ብዬ ስጽፍ አውቀዋለሁ። አንድ ነጥብ ናት... አንድ ነጥብ ምን አላት?

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ነፋስ አልነበረም። ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አምስት ቀስቷ መስመር ነካ፤ አምስቱንም ዝቅ አድርጌ ጻፍኩ።

ደብተሩ 216 ይላል። እውነተኛው 221 ነው። እዚህ ልጻፈው እንጂ... እዚህም ካልጻፍኩት እኔም ልረሳው ነው።

የኔ 220። ያ ማለት በልጣኝ ነበር።

«ስንት?» አለችኝ።
«216።»
«እህ! እኔ ደግሞ ዛሬ እጄ ተባረከ ብዬ።» እየሳቀች ቀስቶቿን ለቀመች።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

እውነተኛው 227። ደብተሩ ላይ 216።

ዛሬ መስመር ያልነካውንም ቀነስኩ። ጥርት ያለ 9 የነበረውን 8። ምን ነካኝ? እጄ ሲጽፍ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ቀስት ስይዝ የሚንቀጠቀጥ እጅ...

ለኢላማ የተሠራች ናት ሰብሌ። ስትስብ ጣቷ ከንፈሯ ጥግ ላይ ያርፋል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ዝንብ እንደምታርፍ። ማንም አላስተማራትም። ሳያት እቀናለሁ። እውነቱ ይኸው፣ እቀናለሁ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

አሰልጣኝ ደብተሮቹን ሰብስቦ አየ። የኔን አይቶ «ቀስ እያልሽ ነው፣ ግን እየወጣሽ ነው» አለኝ። የሰብሌን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«ሰብሌ፣ አንድ ቦታ ተቸንክረሻል። 217፣ 215፣ 216፣ 216። ለምንድን ነው?»
«እንጃ ጋሼ።»
«እስኪ ሳቢ።»

ሳበች። ዞር ዞር እያለ አያት። ከዚያ እጇን ያዘና ከከንፈሯ ጥግ አውርዶ አገጯ ሥር አደረገው። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የምታሳርፊው። ደሴ ያሠለጠኑን እንዲህ ነው።»

«ጋሼ፣ እጄ ግን እዚያ ነው የሚመቸው።»
«ምቾትማ ነጥብ አላመጣም። ደብተሩ ይኸው።»
«እሺ ጋሼ።»

እኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። እስክሪብቶውን ይዤ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። አንድ ቃል። እስክሪብቶውን ከደንኩት። ዓይነ አፋር ናት ይሉኛል። ዛሬ ግን ዓይነ አፋርነት አልነበረም።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ሰብሌ 203።

ዛሬ ምንም አልቀነስኩም። መቀነስ አላስፈለገም።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

198። እጇ አገጯ ሥር ቦታ ያጣል። አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ወደ አንገቷ ይሄዳል። ቀስቶቿ እንደተበተነ ጥራጥሬ ሆኑ። አንዱ ከኢላማው የገለባ ጆንያም አልፎ አጥሩ ላይ ተሰካ።

ቤቷ የጎማ ላስቲክ ምሰሶ ላይ አስራ በቀን መቶ ጊዜ ትስባለች አሉ። ገመዱ አገጯን ልጦታል፤ ቀልቷል።

ኡሙልኸይር አየቻትና፦ «ምነው አንቺ፣ ጢም ልታበቅዪ ነው?»
ሰብሌ ሳቀች። «ይብቀል፣ ነጥብ ካመጣ።»
«አብሽሪ እታለም። ነጥብ ካልመጣ እኔ አለሁልሽ፣ ከታች ሆኜ እጠብቅሻለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ጫማዬን አሰርኩ። ታስሮ ነበር፤ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ከሰዓት አባዬ ደጅ ተቀምጠው ተማሪያቸውን ቀጸላ የሚባለውን ዜማ ያስጠኑ ነበር። ልጁ ቃለ ክርስቶስ ይባላል፣ ከአጅባር ወዲያ ነው የመጣው። ዜማው መሃል ላይ ሳተ። ደገመው፣ ሳተ። እንደገና፣ ሳተ። አባዬ ደብተር የላቸውም። በጆሯቸው ነው ሁሉንም የሚያውቁት።

«ልክ የነበርከው የት ላይ ነው?» አሉት።
«ከላይኛው መስመር ላይ የኔታ።»
«በል እዚያ ተመለስ። ከሳትክበት ከቀጠልክ የምታጠናው ስሕተቱን ነው።»

ምስር እየለቀምኩ ነበር። ድንጋዩን ትቼ ምስሩን እየጣልኩ... እማዬ «ልብሽ የት ነው?» አለችኝ።

የሰብሌ ልክ የት ላይ እንደነበር በዚህ አገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ዛሬ ልነግራት ነበር። ከሜዳው እስከ ገበያው መታጠፊያ ድረስ በልቤ ቃሉን ደረደርኩት። «ሰብሌ፣ አንድ ነገር...» አልኩ።
«ምን?»
«... አገጭሽን ቅባት አድርጊበት።»
«እሺ።»

ለንስሐ አባቴ ብናገርስ? ይጸልዩልኛል፣ ቀኖና ይሰጡኛል፣ ይቀለኛል። ለሰብሌስ ምን ይጠቅማታል? እጇን ይመልስላታል?

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ተመረጥኩ።

አሰልጣኝ አማካዩን አንድ በአንድ አነበበ። እኔ 222። ሰብሌ 209። ኡሙልኸይር 206። ተጨበጨበ። ሰው ሁሉ ወደኔ ሲዞር መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ...

ሰብሌ ናት ቀድማ ያቀፈችኝ። እልል አለችልኝ፣ ለብቻዋ፣ በዚያ ሜዳ። በጆሮዬ «አላልኩሽም? አንዳችን!» አለች። ስትለቀኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ ፊቷ ግን ይስቃል።

መንገድ ላይ ሸራ ጫማዋን አወለቀች። አዲስ ነው፣ ለመስቀል የተገዛላት። «ያንቺ ጎኑ ተቀዷል። ደሴ እንዲህ ሆነሽ አትሄጂም።» እምቢ አልኩ። «እኔ ከላላ ሻይ ልቀዳ ሸራ ምን ያደርግልኛል?» ብላ አስጨበጠችኝ። የኔን አሮጌ አድርጋ ሄደች።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ጫማው ልኬ ነው።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

ነገርኳት።

ከቅዳሴ ስንመለስ ነው። እትዬ በዛች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ፊት ሄዱ። እኛ ከኋላ ቀረን። ካቡ ጋ ስንደርስ ቆምኩ።

«ነጥብሽን እየቀነስኩ ነው የጻፍኩት።»

ሳቀች። ቀልድ መሰላት። ከዚያ እኔ ቀልድ እንደማላውቅ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ሳቋ መሃል ላይ ቀረ።

«የቱን?»
«ከኅዳር 13 ጀምሮ። መጀመሪያ መስመር የነካውን... ኋላ ያልነካውንም።»

ከዚህ ማስታወሻ እውነተኛዎቹን ቁጥሮች በወረቀት ገልብጬ ይዤ ነበር። ሰጠኋት። ቆማ አነበበች። ጣቷ 227 ላይ ቆመ።

«ይሄ የኔ ነው?»
«ያንቺ ነው።»
«ያኔ እጄ ከንፈሬ ጋ ነበር።»
«አዎ።»
«ታዲያ ለምን አወረድኩት?»

ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

«እኔኮ እጄ የማይረባ መስሎኝ ነበር፣ ትህትና። ወር ሙሉ እጄን ስጠላው...» አገጯን ነካች። ቁስሉ ደርቋል፣ ጥቁር ሆኗል። «ደሴውን ብትፈልጊ ምን አለ ብትነግሪኝ? ‹እኔ ልሂድ› ብትዪኝ?»

እለቅልሽ ነበር አላለችም። ግን ትለቅልኝ ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

ይቅር በዪኝ አልኳት። «አሁን አታናግሪኝ» አለች። ትንሽ ሄዳ ዞረች። «ጫማዬን ግን መልሺ።»

ከሰዓት ወስጄ ደጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

ለአሰልጣኝ ነገርኩት። ከሥልጠና በፊት፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ደጋን ሲያጸዳ። ስናገር ድምፄ አልወጣም፤ «ምን?» እያለ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሦስት ጊዜ መናዘዝ... ይገባኛል።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቁጥሮቹን ለሱም ገልብጬ ሰጠሁት፤ ወረቀቱን አየ፣ ደብተሩን ገለጠ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«227 ወርውራለች?»
«አዎ ጋሼ።»
«እኔ ደግሞ እጇን አወረድኩባት።» ደብተሩን ዘጋው። «በዓይኔ እያየኋት። ቀስቶቿ ሲሰበሰቡ በዓይኔ አይቼ ደብተሩን አመንኩ።» ቀና ብሎም አላየኝም። «ሂጂ ውጪ ቆዪኝ።»

ለሁሉም ተናገረ። ስሜን ጠርቶ። ምርጫው ተሰርዟል፣ ቅዳሜ ሴቶቹ እንደገና ይወረውራሉ፣ ሁሉም ቆሞ እያየ ይቆጠራል አለ። ማንም ወደኔ አልዞረም። ባለፈው ሐሙስ ሁሉም ሲዞር መሬት ይዋጠኝ ብዬ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ።

ነገ ገና ነው።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ሦስት ሴቶች ነን። ሰብሌ፣ ኡሙልኸይር፣ እኔ። ተራዬ ደርሶ ደጋኑን አነሳሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ሰብሌ ተበላሽታለች። አሁን በሐቅ ብወረውር... በሐቅ አሸንፋታለሁ። ማንም ምንም አይለኝም። ቆጠራው ትክክል ይሆናል።

ደጋኑን መልሼ አስቀመጥኩት።

«ምነው?» አለ አሰልጣኝ።
«አልወዳደርም።»
«ሕጉ ይፈቅድልሻል።»
«አልወዳደርም ጋሼ።»

አውቄ ልስትላት እችል ነበር። እሱም ግን ሌላ የውሸት ነጥብ ነው። በቃኝ።

ሰብሌ እጇን ወደ ከንፈሯ ለመመለስ ሞከረች። እጇ ግን ረስቷል። መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፣ አገጭ ይሁን ከንፈር ግራ ይገባዋል። 204። ኡሙልኸይር 209።

ኡሙልኸይር ትሄዳለች። ሲነገራት አፏን ከፈተች። «እኔን? ያ ረቢ! ጋሼ፣ ወላሂ ለክለቡ ስም ሲሉ ያስቡበት።»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሰብሌ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ሁሉም ሳቀ። እኔ መሳቅ ይገባኝ እንደሆነ አላወቅኩም።

ጥር 7፣ ሐሙስ

አሰልጣኝ ሰብሌ ቤት ሄዶ ነበር። «ጥፋቱ የኔም ነው፣ ልጅቷን ስጡኝና ላስተካክላት» ብሏቸዋል። እትዬ በዛች እስከ ፋሲካ ፈቅደዋል። ከዚያ ወዲያ ከላላ።

ገበያ ላይ አገኙኝ። ሸሽቼ አላልፍም ብዬ ቆሜ ጎንበስ አልኩ። ቆም ብለው አዩኝና «የመሪጌታ ልጅ» አሉ። ሌላ ምንም። አለፉ።

አባዬም ሰምተዋል። ምሳ ላይ እንጀራውን ቆርሰው ወደኔ አስጠጉልኝ፤ እንደ ሁልጊዜው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ኡሙልኸይር ከደሴ ተመለሰች። ከሃያ አንድ አሥራ አራተኛ። «እዚያ ነፋስ የለም፣ እጄ ነፋሱን እየፈለገ ተቸገረ» አለች። በሚያዝያ ሌላ ዙር አለ። በዚህኛው አሰልጣኝ ልክ አውጥቷል፤ እስከ የካቲት መጨረሻ 230 ያገባ ብቻ ነው የሚላከው።

ሕጉም ተቀይሯል። ነጥብ ሁለት ሰው አይቶ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሦስተኛ ይጽፋል። እኔ የማንንም አልጽፍም። ገለባ እጠቀጥቃለሁ፣ የተቀደደ ወረቀት እለጥፋለሁ፣ በመጨረሻ እወረውራለሁ። የኔ ነጥብ ወደ 207 ወርዷል።

ሰብሌ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሦስት እርምጃ፣ በተጨፈነ ዓይን ብቻ ነበር የምትወረውረው። ነጥብ አልነበራትም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መስመሩ ተመለሰች። 219። ሲነበብ ከሩቅ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ከሥር ደግሞ ትንሽ ነገር ቆነጠጠኝ... አለ ማለት ነው ገና። ሄዷል ብዬ ነበር።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

አሰልጣኝ ስብሰባ ሄዶ አልነበረም። እኛው ጀመርን። ሰብሌ ስትወረውር ኡሙልኸይር እና ከወንዶቹ አለምነው ያነባሉ፤ ሰው ስለጎደለ የምትጽፈውም ኡሙልኸይር ናት።

እኔ ገለባ እጠቀጥቅ ነበር። ግን እሰማለሁ። ዘጠኝ። ስምንት። ዘጠኝ። እጇ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ሳላይ በድምፁ አውቀዋለሁ፤ ቀስቶቹ እኩል እኩል ነው የሚገቡት። ሃያ ዘጠኙን ሲደምሩ 221። አንድ ቀስት ቀራት። ዘጠኝ ከሆነ 230።

ለቀቀች።

አለምነው «ዘጠኝ!» አለ።
ኡሙልኸይር፦ «ቆይ እንጂ። ነክቷል?»
«ነክቷል!»
«አንተ ከዚያ ሆነህ ምን ታያለህ? ና ጠጋ በል።»
«ነክቷል አልኩሽ። ደግሞ ባይነካስ...»

ተከራከሩ። ሰብሌ ከመስመሩ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ትህትናን ጥሯት።»

ከገና በፊት ጀምሮ ስሜን ጠርታው አታውቅም።

ሁሉም ዞሩ። ገለባውን ከእጄ አራገፍኩ፤ ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። ነፋስ የለም፣ ወረቀቱ ቀጥ ብሏል። በቀስቱና በመስመሩ መሃል ፀጉር የምታህል ነጭ አለች። በግራ አየሁ፣ በቀኝ አየሁ። አለች።

ዘጠኝ ብል... ዘጠኝ ብል ሁሉም ይጨበጭባል። ትሄዳለች። ያለብኝንም የከፈልኩ ይመስለኛል። ማን ያውቅብኛል? አለምነውም ዘጠኝ ብሏል። ስምንት ብል ደግሞ... ያቺው ልጅ፣ ዛሬም ቀነሰችባት ነው የሚሉት። እሷም እንደዚያ ብታስብ ምን እላታለሁ?

እንደገና አየሁት።

«አልነካም» አልኩ። «ስምንት ነው።»

አለምነው «አይ አንቺ!» አለ። ኡሙልኸይር እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች።

ሰብሌ ደጋኗን አስቀምጣ መጣች። አሥራ ስምንቱን ሜትር ቀስ ብላ። አጠገቤ ተንበረከከች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው። ለረጅም ጊዜ አየች። አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። እኔ መሬቱን አየሁ።

«ስምንት ነው» አለች። «ጻፊ፣ ኡሙልኸይር።»

ተጻፈ። 229።

ቀስቱን ነቀልኩና ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። እስከ የካቲት መጨረሻ አራት ሥልጠና ቀርቷል።